የቤዝቦል ዳኛ ሲሳሳት ማን ይጠይቀዋል?

ቆጣሪው

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከ2026 ጀምሮ በሜጀር ሊግ ቤዝቦል ወርዋሪው፣ ተቀባዩ ወይም መቺው ኮፍያውን ወይም ሄልሜቱን መታ አድርጎ ዳኛው የጠራውን ስትራይክ (በመምቻው ዞን ውስጥ ያለፈ ውርወራ) ወይም ቦል (ከዞኑ ውጪ ያለፈ) በካሜራ ማስመርመር ይችላል። ይህ ከታወጀ ወዲህ «የዳኛ ጣጣ አበቃ» የሚለው ወሬ በዝቷል። እኔ አላበቃም ባይ ነኝ፤ ክሩንም የከፈትኩት ለዚሁ ነው። ስህተትን ማረም አንድ ነገር ነው፣ የተሳሳተውን መጠየቅ ሌላ። ካሜራው የሚሠራው የፊተኛውን ብቻ ነው።

ሊጉ 76 ቋሚ ዳኞች አሉት፤ አራት አራት ሆነው 19 ቡድን ይሠራሉ። ከፕሌቱ (መቺው አጠገቡ ከሚቆምበት ሰሌዳ) ጀርባ የሚቆመው ዳኛ የጠራው ጥሪ አንድም ሳይቀር ተለክቶ ነጥብ ይሰጠዋል። ይህ የትናንት ነገር አይደለም። ኩዌስቴክ የሚባለው መሣሪያ ከ2001 ጀምሮ በአንዳንድ ሜዳዎች ተተክሎ ነበር፤ ከርት ሺሊንግ በ2003 ፊኒክስ ላይ ተናዶ ካሜራውን የሰባበረው እሱን ነው። ከ2009 ወዲህ ደግሞ ልኬቱ በሁሉም ሜዳ አለ። ታዲያ ያ ሁሉ ነጥብ የት ይገባል? በሊጉና በዳኛው መካከል ይቀራል። መቺው ከ10 ጊዜ ሰባቱን ሲከሽፍ ቁጥሩ ከስሙ ጎን በሰሌዳ ላይ ይበራል፤ የዳኛውን ቁጥር ግን ትኬት የገዛው ሰው አያየውም።

የምታውቁትን አካፍሉን። በስሜት ሳይሆን በቁጥርና በደንብ ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

ደንብ_ገላጭ

ቆጣሪው፣ ትክክል ብለሃል። እኔ ሁለት ተከታታይ ምሽቶችን ላስቀምጥ፤ ሊጉ ዳኛን በምን እንደሚቀጣና በምን እንደማይቀጣ ከዚህ የበለጠ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ አላውቅም።

ሜይ 8 ቀን 2013፣ ክሊቭላንድ። ኦክላንድ 4 ለ 3 እየተመራ ነው፤ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ኢኒንግ (ዙር)፣ ሁለት አውት (የወጡ መቺዎች፤ ሦስተኛው ሲወጣ ያበቃል)። አዳም ሮዛለስ የመታት ኳስ በግራ መሐል በኩል ከቢጫው መስመር በላይ ያለውን የብረት መከለያ ነክታ ወደ ሜዳ ተመለሰች። ሆም ራን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርባት ምት) ናት። ዳኞቹ ግን ሁለተኛ ቤዝ ላይ አስቆሙት። ያን ጊዜ የሆም ራን ምርመራ የሚያካሂዱት እዚያው ሜዳ ላይ ያሉት ዳኞች ራሳቸው ነበሩ። በአንሄል ሄርናንዴዝ የሚመራው ቡድን ገብቶ ቪዲዮውን አየ፣ ወጣና በፊተኛው ውሳኔ ጸና። ጨዋታው በዚያው 4 ለ 3 አለቀ። በማግስቱ ሊጉ በኃላፊው በጆ ቶሪ በኩል ውሳኔው ትክክል እንዳልነበረ አመነ። ይሁን እንጂ ነገሩ የዳኛ ግምት ስለሆነ ውጤቱም አልተነካ፣ የተቀጣም የለም።

ሜይ 9፣ ሂውስተን። የአስትሮስ አሰልጣኝ ገና አንድ መቺ እንኳ ያልገጠመ ተቀያሪ ወርዋሪ አስወጥቶ ሌላ አስገባ። በደንቡ አዲስ የገባ ወርዋሪ ቢያንስ አንድ መቺ መጨረስ ነበረበት። ዳኞቹ ፈቀዱለት። የኤንጀልስ አሰልጣኝ ተቃውሞውን አስመዘገበ፤ በኋላ ቡድኑ ስላሸነፈ ተቃውሞው ትርጉም አጣ። የተጎዳ ሰው የለም ማለት ነው። ሆኖም የዳኞቹ መሪ ፊልዲን ከልብሬዝ ለ2 ጨዋታ ታገደ፣ ሦስቱ ጓደኞቹ ገንዘብ ተቀጡ፣ ሊጉም ይህን በይፋ አወጀ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጨዋታ የወሰነው ስህተት «ግምት» ስለተባለ በነጻ አለፈ፤ ማንንም ያልጎዳው ስህተት «ደንብ» ስለሆነ ተቀጣ። በ2017 ደግሞ ጆ ዌስት 3 ጨዋታ ታግዷል፤ ጥፋቱ አድሪያን ቤልትሬ ከሁሉ የባሰ አማራሪ ነው ብሎ ለጋዜጣ መናገሩ ነበር። ሦስት ጨዋታ ለአንድ አረፍተ ነገር! ለመቶ የተበላሸ ስትራይክ ግን ዜሮ።

አዲስ_ገቢ

ይቅርታ፣ እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ፤ ቤዝቦል መከታተል የጀመርኩት በቅርቡ ነው። በፕሪሚየር ሊግ ክፉኛ የተሳሳተ ዳኛ በቀጣዩ ሳምንት ጨዋታ ሳይመደብለት ይቀራል ወይም ወደ ታችኛው ሊግ ይላካል፤ ሁሉም ያየዋል። በ2023 ቶተንሃም ከሊቨርፑል ሲጫወቱ የሉዊስ ዲያዝ ጎል በስህተት ሲሻር የቪኤአር ክፍሉ ንግግር ሳይቀር ወጥቶ ሕዝብ ሰምቶታል። እዚያ ለምን እንዲህ አይደረግም?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

አዲስ ገቢ፣ እንኳን ደህና መጣህ። መልሱ ሥራው ከተያዘበት መንገድ ይጀምራል።

በእግር ኳስ ዳኛ በየሳምንቱ ይመደባል፤ ስለዚህ አለመመደብ ራሱ ቅጣት ነው። በቤዝቦል ግን አንድ ቡድን 162 ጨዋታ ስላለው ዳኞች እንደ ፈረቃ ሠራተኛ ይዞራሉ። ዛሬ ፕሌት ጀርባ የነበረው ነገ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ነው፣ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ቀጥሎ አንደኛ፣ ከዚያ ተመልሶ ፕሌት። ማንም መጥፎ ምሽት ቢኖረው ነገ እንደ ልማዱ ሜዳ ላይ ይገኛል።

ወደ ታች መላክም የለም። ከትሪፕል-ኤ (ከሜጀር ሊግ ቀጥሎ ካለው ሊግ) ለእረፍትና ለጉዳት መሙያ እየወጡ የሚመለሱ ዳኞች አሉ፤ ቋሚ የሆነው ግን ቦታው የሚለቀቀው ጡረታ ሲወጣ፣ ሲታመም ወይም በጥፋት ሲሰናበት ነው። ከታች ያለው ጎበዝ ዳኛ ደረጃው ስላነሰ ሳይሆን ወንበር ስለሌለ ዓመታት ይጠብቃል።

ሦስተኛው ማኅበሩ ነው። በ1999 የዳኞቹ ማኅበር መሪ ሪቺ ፊሊፕስ ሊጉን ለማስጨነቅ ዳኞቹ በጅምላ የሥራ መልቀቂያ እንዲያስገቡ አደረገ። ሊጉ አልደነገጠም፤ ከመልቀቂያዎቹ ውስጥ የ22ቱን ተቀብሎ አሰናበታቸው። ከነዚያ መካከል ጆ ዌስት አንዱ ነበር፤ በ2002 ተመለሰ። ከዚያ ጥፋት በኋላ አዲስ ማኅበር ተቋቋመ፣ የአሜሪካንና የናሽናል ሊግ ዳኞችም ከ2000 ጀምሮ አንድ ሆኑ። ያ ቁስል ገና አልሻረም። ግምገማው በምን ልክ እንደሚሆን፣ ለማን እንደሚታይ፣ ቅጣት እንዴት እንደሚወሰን ሁሉ በሁለቱ ወገኖች ድርድር የታሰረ ነው። ሊጉ ነገ ተነስቶ ነጥቡን ልለጥፍ ቢል እንኳ ብቻውን አይችልም።

የጓንት_ጌታ

ስለ ተጠያቂነት ከመነጋገራችን በፊት ስህተቱ ራሱ እንዴት እንደሚፈጠር ብናይ ጥሩ ነው። ሁሉም ስህተት አንድ ዓይነት አይደለም፤ የሚታረመውም በተለያየ መንገድ ነው።

ወርዋሪው ከሚቆምበት ጉብታ እስከ ፕሌቱ ያለው ርቀት 18.44 ሜትር ነው። በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ከእጅ ወጥታ እስክትደርስ 0.4 ሰከንድ ያህል ብቻ ትወስዳለች። ዳኛው ፊት ለፊት አይቆምም። በመቺውና በተቀባዩ መካከል ባለው ክፍተት፣ ማለትም በመቺው በኩል፣ አገጩን ከተቀባዩ ጭንቅላት ከፍ አድርጎ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ለመቺው የቀረበው ጠርዝ ዓይኑ ሥር ነው። ራቅ ያለውንና ዝቅ ያለውን ማዕዘን ግን በአግድም እያየ ይገምታል። ስህተት የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ዳኛው ጭንቅላቱን ዝቅ ካደረገ ደግሞ የላይኛው ኳስ ይቀናውና የታችኛው ይጠፋበታል፤ ያኔ ኳሷን ትቶ ጓንቱን መዳኘት ይጀምራል።

ጓንት ስል የተቀባዩን ብልሃት ማለቴ ነው። የዛሬ ተቀባይ አንድ ጉልበቱን መሬት ላይ አኑሮ ጓንቱን ከኳሷ በታች ይጀምርና ሲይዛት ወደ ላይ ወደ ዞኑ እየሳበ ይጨርሳል። እንቅስቃሴው አንድ ስለሚመስል ዓይን ያታልላል። ተቃራኒው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ተቀባዩ ጓንቱን ውጪ ይዞ ሲጠብቅ ኳሷ በውስጠኛው ጠርዝ መጣች፤ በሰውነቱ ላይ አቋርጦ ተወርውሮ ያዛት። ኳሷ ንጹሕ ስትራይክ ናት፣ መልኩ ግን የተበላሸ ውርወራ ስለሆነ ዳኛው «ቦል» ይላል። ጨዋታ ስታዩ ይህን ጠብቁ፤ እጅግ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

ሌላው ችኮላ ነው። ዳኛ የሚማረው ኳሷን እስከ ጓንቱ በዓይኑ ተከትሎ፣ ትንሽ ቆም ብሎ፣ ከዚያ እንዲጠራ ነው። እጁ ኳሷ ጓንት ሳትገባ ሲነሳ ካያችሁ ያ ዳኛ ኳሷ የመጣችበትን ሳይሆን ትሄዳለች ያለውን ነው የጠራው። ወደ ጎን በሰፊው የምትጠመዘዝ ኳስ ይህን ዓይነቱን ዳኛ ትቀጣዋለች።

የቆጠራው ጫናም አለ። መቺው 0 ለ 2 (ቦል ዜሮ፣ ስትራይክ ሁለት) ሲሆን ዞኑ ይጠባል፣ 3 ለ 0 ሲሆን ይሰፋል። ዳኛው ሳያውቀው ለተሸነፈው ያዝናል። ይህ በመለኪያ ደጋግሞ የታየ ነገር ነው።

ቆጣሪው

የጓንት ጌታ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይህን ማስቀመጥ ያስፈልግ ነበር።

አሁን ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ብዙ ክርክር የሚነሳው ሁለት ሰው ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዞ ስለሚጮህ ነው። መጀመሪያ፦ የሚቆጠሩት መቺው ሳይወዛወዝ ያሳለፋቸው ኳሶች ብቻ ናቸው፤ በአንድ ጨዋታ ወደ 150 ገደማ። ለምሳሌ ዳኛው 155 ጠርቶ 146ቱ ትክክል ቢሆኑ 94.2 በመቶ ይሆናል። ጥሩ ይመስላል አይደል? ግን ከ155ቱ 110 ያህሉ ማንም የማይሳሳታቸው ናቸው እንበል፦ መሬት የነኩ፣ ከትከሻ በላይ የበረሩ፣ መሐል የገቡ። የቀሩት 45 ናቸው ዳኛ የሚያስፈልጋቸው። ዘጠኙ ስህተቶች ሁሉ ከነዚያ ከሆኑ እውነተኛው ውጤት 80 በመቶ ነው። ለዚህ ነው በአጠቃላይ በመቶው ብቻ ዳኛን ማመስገንም መስደብም የማይገባው።

ቀጥሎ፦ ሊጉ የሚሰጠው ነጥብና ሕዝብ የሚያየው ነጥብ አንድ አይደሉም። በድሮው ስምምነት ለዳኛው ከዞኑ ጠርዝ ውጪ 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ይቅርታ ይደረግለት ነበር። ኳሷ ራሷ ዲያሜትሯ 7.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት፤ በቴሌቪዥን የሚታየውን የዞን ሳጥን ሳትነካ ያለፈች ኳስ «ስትራይክ» ተብላ በሊጉ መዝገብ «ትክክል» ልትባል ትችል ነበር ማለት ነው። ከ2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲስ ስምምነት ይቅርታው ወደ ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ወደ 1.9 ሴንቲ ሜትር ወርዷል፤ ከጠርዙ ውስጥም ውጪም። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ወርዋሪዎች «ዞኑ ጠበበብን» ብለው ያማረሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ደንቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዳኛው የሚለካበት ገመድ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ለውጥ አስቀድሞ በግልጽ ለተመልካቹ አለመነገሩ ነው።

በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጥናት በ2018 ብቻ 34,294 የተሳሳተ የስትራይክና ቦል ጥሪ ቆጥሯል፤ በጨዋታ 14 ገደማ። በዚያው ጥናት ከሁሉ የተሻሉት ዳኞች በዕድሜም በአገልግሎትም ወጣቶቹ ሆነው ተገኝተዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ስለ ወንበሩ ያለውን ከዚህ ጋር አያይዙት።

ሴኡል_ምሽት

ስለ ተጠያቂነት ካነሳችሁ ኮሪያን መተው አይቻልም። የኮሪያው ሊግ በ2024 ሙሉ በሙሉ ወደ ማሽን ዞሯል፤ በከፍተኛ ሊግ ደረጃ የመጀመሪያው ነው። ዳኛው በጆሮው ያደረገው ማዳመጫ «ስትራይክ» ወይም «ቦል» ይለዋል፣ እሱ ደግሞ ለሕዝቡ ይጠራል። ዞኑም ከአሜሪካው ይለያል፤ ከፕሌቱ በግራና በቀኝ 2፣ 2 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል።

ኤፕሪል 14 ቀን 2024፣ ዴጉ ከተማ፤ ኤንሲ ዳይኖስ ከሳምሰንግ ላየንስ። በሦስተኛው ኢኒንግ ማሽኑ «ስትራይክ» ያለውን ኳስ የፕሌት ዳኛው «ቦል» ብሎ አሳለፈው። ሯጩ በዚያችው ኳስ ሁለተኛ ቤዝ እየሰረቀ ስለነበር ሜዳው ግርግር ላይ ነበር። ለቡድኖቹ ማሽኑ የመዘገበውን የሚያሳይ ታብሌት ተሰጥቷቸዋል፤ መረጃው ግን ዘግይቶ ይደርሳል። ኤንሲ ሲያመለክት ሌሎች ኳሶች ተወርውረዋል። ዳኞቹ ተሰብስበው መከሩ፣ ከዚያ ማመልከቻው ዘግይቷል ብለው መለሱት።

እስከዚህ ስህተት ብቻ ነው። ነገሩን ያከፋው ሲመካከሩ የቴሌቪዥኑ ማይክ መቅዳቱ ነው። የቡድኑ መሪ የፕሌት ዳኛውን፣ ማሽኑ «ቦል» ብሎ እንደተሰማህ አድርገህ ተናገር፣ ከዚህ የምንወጣበት ሌላ መንገድ የለንም፣ ሲለው አገር ሰማ። ሊጉ በቀናት ውስጥ መሪውን ከሥራ አሰናበተ፤ ሁለቱን ያለ ደመወዝ ለሦስት ወር አገደ። ስማቸውም ቅጣታቸውም በይፋ ወጣ።

ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ማሽን ስላለ ሰው አይጠየቅም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ማሽኑ ስለመሰከረ ነው ውሸቱ የታወቀው። ሁለተኛ፣ መረጃው ለቡድኖቹ ወዲያው ቢደርስ ኖሮ ጥያቄው በሰዓቱ ይቀርብ ነበር፤ መደበቅም ባላስፈለገ። የመረጃ መዘግየት ራሱ የጥፋት በር ይከፍታል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሴኡል ምሽት፣ አመሰግናለሁ። እኔ ግን የዳኞቹን ወገን ሳልይዝ አላልፍም፤ በዚህ ክር ላይ ያልተነሳ ነገር አለ።

ጁን 2 ቀን 2010 ዲትሮይት ላይ አርማንዶ ጋላራጋ 26 ሰው በተከታታይ አውት አድርጎ 27ኛው ላይ ደረሰ። ሚጌል ካብሬራ ኳሷን ለጋላራጋ አቀበለ፣ ጋላራጋ ከሯጩ ቀድሞ ቤዙን ረገጠ፣ ዳኛው ጂም ጆይስ ግን «ሴፍ» (ሯጩ ቀድሞ ደርሷል) አለ። ፍጹም ጨዋታው (27ቱም መቺዎች አንድም ቤዝ ሳይደርሱ የሚወጡበት) ጠፋ። ጆይስ ቪዲዮውን እንዳየ ጋዜጠኛ ፊት ቆሞ ስህተቱን አመነ፣ ጋላራጋንም ይቅርታ ጠየቀ። በማግስቱ የአሰላለፍ ወረቀቱን ያመጣለት ጋላራጋ ነበር፤ ጆይስ ሜዳው ላይ አለቀሰ። ኮሚሽነሩ ውሳኔውን አልሻረም፣ ጆይስም አልተቀጣም። በዚያው ወር ተጫዋቾች በተጠየቁበት መጠይቅ ምርጥ ዳኛ ብለው የመረጡት ጆይስን ነው። የሰውን ሚዛን አስቡት፤ ተጫዋቹ ስህተትን ይችላል፣ የማይችለው መካድን ነው።

በሌላ በኩል ዳኛውን ፓት ሆበርግን ተመልከቱ። በ2022 ዎርልድ ሲሪስ (የሊጉ ፍጻሜ) ሁለተኛ ጨዋታ ከጠራቸው 129 ኳሶች 129ኙም ትክክል ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2025 ተሰናበተ። በቤዝቦል እንደተወራረደ ወይም ጨዋታ እንዳበላሸ ማስረጃ አልተገኘም፤ ጥፋቱ የውርርድ አካውንቱን በቤዝቦል ከሚወራረድ ጓደኛው ጋር መጋራቱና የተላላካቸውን መልእክቶች ማጥፋቱ ነበር። ስንብቱ ትክክል ነው እላለሁ። ግን የስንብት በር ለምግባር ጥፋት ብቻ ክፍት ሆኖ ለችሎታ ማነስ መዘጋቱ ያስገርማል።

ነጥቡ በይፋ ይውጣ ለምትሉት፦ ዛሬ ኳስ በየሰከንዱ በስልክ የሚወራረድበት ዘመን ነው። ገንዘቡን ያጣ ሰው የዳኛውን ቤተሰብ ይዝታል። ስም ዝርዝርና ደረጃ ስትለጥፉ ይህን አስቡበት።

ደንብ_ገላጭ

ስጋቱን እቀበላለሁ፣ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። የእያንዳንዱ ኳስ መረጃ እኮ አሁንም ክፍት ነው። ከ2020 አካባቢ ጀምሮ የግል ሰዎች ከዚያው መረጃ እያወጡ የየዳኛውን ካርድ በየማለዳው ይለጥፋሉ። ተወራራጁ ቁጥሩን አላጣም። ያጣነው ኃላፊነት የሚወስድ ተቋም የቆመበትን፣ ከነማብራሪያው የሚወጣውን ቁጥር ነው። ምስጢሩ ዳኛውን ከዛቻ አላዳነውም፤ ሊጉን ከጥያቄ ብቻ ነው ያዳነው።

አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር። ድሮ ደንብ ከተጣሰ ቡድን ተቃውሞ አስመዝግቦ መከራከር ይችል ነበር። በ1983 የጆርጅ ብሬት ሆም ራን በዱላው ላይ ባለው ሙጫ ምክንያት ሲሻር ካንሳስ ሲቲ ተቃውሞ፣ የአሜሪካን ሊጉ ፕሬዚዳንት ሊ ማክፌል ተቀብሎት ጨዋታው ከዚያው ቀጠለ። ይህ በር ከ2020 ወዲህ ተዘግቷል፤ ደንቡ ራሱ በተሳሳተ መንገድ ቢተገበር እንኳ ተቃውሞ የለም። በምትኩ የቀረን ሪፕሌይ (የቪዲዮ ምርመራ) ነው። እሱም ከ2014 ጀምሮ ኒው ዮርክ ካለው ማዕከል የሚመራ ሆኖ፣ እዚያ ተቀምጠው የሚወስኑት ተራቸው የደረሳቸው የሜዳ ዳኞች ናቸው። የሚሰጡት መልስም ሦስት ነው፦ ተሽሯል፣ ተረጋግጧል፣ ጸንቷል። «ጸንቷል» ማለት ለመሻር በቂ ምስል አልተገኘም ማለት እንጂ ዳኛው ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ማስታወቂያውን ስትሰሙ ቃሉን ለዩት።

አዲስ_ገቢ

ብዙ ተማርኩ። ስለ አዲሱ ኤቢኤስ፣ ማለትም ከ2026 ስለ ጀመረው የካሜራ ምርመራ፣ ደግሞ ልጠይቅ፦ ለረጅምና ለአጭር ሰው አንድ ዞን ነው? ስንት ጊዜስ መጠየቅ ይቻላል?

የጓንት_ጌታ

አንድ አይደለም። ስፋቱ ለሁሉም የፕሌቱ ስፋት፣ 17 ኢንች ወይም 43.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ከፍታው ግን በቁመት ይሰላል፦ የላይኛው ጠርዝ የቁመቱ 53.5 በመቶ፣ የታችኛው 27 በመቶ። ቁመቱ የሚለካው ያለ ጫማ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው። 1.80 ሜትር ለሆነ ሰው ከ48.6 እስከ 96.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 2 ሜትር ለሆነ ከ54 እስከ 107። ኳሷ በማንኛውም ጎኗ ጠርዙን ከነካች ስትራይክ ናት። ስለዚህ መሐሏ እስከ 3.7 ሴንቲ ሜትር ድረስ ውጪ ሆኖ ስትራይክ ልትሆን ትችላለች። በቴሌቪዥን ነጥብ አይተው የሚጮሁ ሰዎች ይህን ይረሱታል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ልዩነት አለ። የደንብ መጽሐፉ ዞን ሣጥን ነው፤ ከፕሌቱ ፊት እስከ ኋላ ማንኛውንም ክፍሉን የነካች ኳስ ትቆጠራለች፤ ከፍታውም መቺው ለመምታት ሲዘጋጅ ባለው አቋም ይወሰናል። የኤቢኤስ ዞን ግን በፕሌቱ መካከል፣ ከፊት 8.5 ኢንች ገባ ብሎ እንደቆመ መስታወት ነው። ከኋላ ማዕዘን ላይ ብቻ ሸርተት ብላ የገባች ጠምዛዛ ኳስ በመጽሐፉ ስትራይክ፣ በማሽኑ ቦል ናት። ጎንበስ ብሎ የሚቆም መቺም እንዲሁ፤ ዳኛው ያየው አቋሙን ነው፣ ማሽኑ የያዘው ቁመቱን። ማሽኑ የሻረው ጥሪ ሁሉ የዳኛ ድክመት ነው ማለት አይቻልም።

ጥያቄው፦ እያንዳንዱ ቡድን በ2 ይጀምራል፤ ትክክል ከሆነ አይቀነስበትም፣ ከተሳሳተ አንዱን ያጣል። ሁለቱን ጨርሶ ጨዋታው ከዘጠነኛው ኢኒንግ ካለፈ በየተጨማሪው ኢኒንግ አንድ ይሰጠዋል። አሰልጣኙም ሆነ ከዳጋውት (ከቡድኑ መቀመጫ) ያለው ሰው ምልክት መስጠት አይፈቀድለትም፤ ውሳኔው የሦስቱ ብቻ ነው፣ ያውም ወዲያው። መሣሪያው ያው በፕሪሚየር ሊግ ጎል መግባት አለመግባቷን የሚያሳየው የሆክ-አይ ነው።

ቆጣሪው

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ የራሴን ሐሳብ።

በ2025 የልምምድ ወቅት ሲሞከር በጨዋታ ወደ 4 ጥያቄ ቀርቦ ከግማሽ ትንሽ የሚበልጠው፣ 52.2 በመቶው፣ ተሽሯል። ይህን ይዞ «ዳኛ ግማሹን ይሳሳታል» ማለት ስህተት ነው፤ ከ150 ጥሪ ውስጥ ለጥያቄ የተመረጡት አራቱ ናቸው። በተሻረ ብዛት ዳኞችን ማነጻጸርም አያስኬድም። ጠንቃቃ ተቀባይ የቆመበት ዳኛ ብዙ ይሻርበታል፣ ችኩል ተቀባይ የቆመበት ይድናል።

ሐሳቤ ይኸው። ሊጉና ማኅበሩ በሚቀጥለው ድርድር የየዳኛውን የዓመት ነጥብ ራሳቸው በተስማሙበት በ1.9 ሴንቲ ሜትሩ ልክ፣ ከባዶቹን ኳሶች ለይተው፣ ዓመቱ ሲያልቅ ያውጡ። ሲልቨር ስፕሪንግ ስለ ዛቻ ላለው፣ በየምሽቱ ሳይሆን በዓመት አንዴ ይሁን። ለፕሌይኦፍ ዳኛ የሚመረጥበት መስፈርት በጽሑፍ ይታወቅ። ደንብ በተሳሳተ መንገድ ሲተገበር የዳኞቹ መሪ በማግስቱ በጽሑፍ ያስረዳ፤ አሁን አንድ የጋዜጠኞች ተወካይ ጥያቄ እንዲያቀርብ ይፈቀድለታል፣ መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት መስመር ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ ከመጨረሻዎቹ የሆነ ዳኛ ደመወዙ ሳይነካ ከፕሌት ሥራ ተነስቶ ቤዝ ላይ ብቻ ይሥራ፤ የሱን የፕሌት ተራ ከትሪፕል-ኤ የመጣው ይሸፍን። ማንም አልተባረረም፣ ወንበሩም ለጎበዙ ተከፈተ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

የመጨረሻው ላይ አልስማማም። ፕሌት የማይሠራ ዳኛ ሲኖር ሦስቱ ጓደኞቹ ተራው ቶሎ ቶሎ ይደርስባቸዋል። በኦገስት ሙቀት ጭንብልና መከላከያ ለብሶ ሦስት ሰዓት ማጎንበስ ቀላል አይደለም፤ ከአራት ቀን አንዴ የነበረው ከሦስት ቀን አንዴ ሲሆን ደህናዎቹም ይበላሻሉ። ሸፋኙን ከትሪፕል-ኤ አምጡ ካልክ አምስተኛ ሰው በቡድኑ ላይ መጨመር አለብህ፤ በ19 ቡድን ሁሉ ባይሆንም ለሚመለከታቸው። ወጪው ትንሽ ነው፣ ግን በጽሑፍህ አስገባው። የዓመቱን ነጥብ ስለማውጣት ያልከውን ግን እደግፋለሁ።

ቆጣሪው

ተቀብያለሁ። አምስተኛ ሰው ይጨመር፤ አስተካክላለሁ።

አዲስ_ገቢ

እኔም ራሴ መመዝገብ ብጀምር ከየት ልነሳ?

የጓንት_ጌታ

ከአንድ ጨዋታ ተነሳ፣ ሙሉውን አትሞክር። አንድ ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ አስምር፦ ኢኒንጉና መቺው፤ ቆጠራው፤ ዳኛው የጠራው፤ ኳሷ የገባችበት ማዕዘን፤ ተቀባዩ ጓንቱን የያዘበት ቦታ። መቺው የተወዛወዘበትን ዝለል። መሬት የነካውንና በግልጽ የራቀውን አትጻፍ፤ ጠርዝ የነካውን ወይም ከጠርዝ አንድ ኳስ ያህል የራቀውን ብቻ። በጨዋታው መጨረሻ የሊጉን የኳስ መረጃ ገጽ ከፍተህ አመሳክር። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ሳጥን አትመን፤ የካሜራው አቀማመጥ ከመሐል ወደ ጎን ስለሆነ ኳሷን ያንሸዋርራታል። አራተኛውና አምስተኛው ዓምድ የማይገጥሙባቸውን መስመሮች ለብቻ ቁጠር፤ ያ ዳኛ ኳሷን ነው ወይስ ጓንቱን የሚዳኘው የሚለውን የምታገኘው ከነሱ ነው። ሦስት ጨዋታ ስትጨርስ ወረቀቱን እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።